ከስልቻ እስከ ማዳበሪያ፦ የሸቀጥ መያዣ ታሪክ በምሥራቅ ሱዳን ድንበር

ስለዚህ ድንበር ንግድ የተጻፉ ታሪኮች ስለ ቡናው፣ ስለ ሰሊጡና ስለ ጥጡ ብዙ ይላሉ። ሸቀጡ ስለተቋጠረበት ነገር ግን እምብዛም አያነሡም። ሆኖም ዕቃው ገበያ ሲደርስ ዋጋ ማውጣቱም ሆነ መውደቁ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመያዣው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርደው ነጋዴ ቡና፣ ሰም፣ ወርቅና ዝባድ ይዞ ይመጣ ነበር፤ በዚያው መንገድ ሰውም ለባርነት ይነዳ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ሰም ቀልጦ በቅርጽ ስለሚረጋ መያዣ ብዙም አያሻውም። ቡናና እህል በስልቻ ይጫናሉ። ስልቻ በበቅሎና በአህያ ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ ይሰቀላል፤ እሾህ በቀላሉ አይቀደውም፤ ካፊያም ቶሎ አያሳልፍም። ጉድለቱ ጠረኑ ነው፤ ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባልና። ከሁሉ ይልቅ ምርጫው የረቀቀው በዝባድ ነበር። ዝባድ ውድ፣ ቅባታምና ሽታው ኃይለኛ በመሆኑ በከብት ቀንድ ተሞልቶ አፉ ይታሸጋል። ቀንድ ቅባት አይመጥም፤ ቢወድቅም እንደ ሸክላ አይሰበርም። ያን የመረጠው ሰው የኬሚስትሪ ትምህርት አልነበረውም፤ ምርጫው ግን ከዘመን ዘመን ተሻግሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል።

ፖርት ሱዳን በ1909 ተመርቃ፣ የባቡሩ ሐዲድ በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ደግሞ ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል የነበረችው ገዳሪፍ ሲደርስ፣ ጭነቱ ከበቅሎ ጀርባ ወደ ፉርጎ ተዛወረ። ለፉርጎና ለመርከብ ስልቻ አይበቃም። ቦታውን የወሰደው ከቤንጋል ጁት በካልካታና በስኮትላንዷ ዳንዲ ፋብሪካዎች ይሸመን የነበረው ጆንያ ነው። ጆንያ አየር ያስተነፍሳል፤ ሲደረደር አይንሸራተትም፤ የጫኝ መንጠቆ ቢወጋው ክሩ ተመልሶ ይገጥማል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ጋዳምበሊያ ላይ ለጦር ሠራዊት ስንቅ ተብሎ የትራክተር እርሻ ሲጀመር፣ የማሽላው ምርት የሚቆጠረው በጆንያ ሆነ። በትርጉም ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ጣጣ አለው፤ የገዳሪፍ ሸዋል ወደ 90 ኪሎ ሲሆን የኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት ውልን ያዛባል። ኬሻ የምንለውም ቃል ከዓረብኛው ኸይሽ ጋር ዘመድ ነው።

ፋው ራሷ የራሃድ መስኖ ልጅ ናት። በ1970ዎቹ መገባደጃ ወደ 300,000 ፈዳን በሚጠጋው መሬት ጥጥና ኦቾሎኒ ሲዘራ ሁለቱ ሰብሎች የመያዣን ነገር በሁለት መንገድ አከበዱት። የፕላስቲክ ጆንያ ክር ተመዝዞ ከጥጥ ጋር ከተቀላቀለ ቀለም አይቀበልም፤ ጉዱ የሚታየው ጨርቁ ተሸምኖ፣ ቀለም ከተነከረ በኋላ ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ ሳይደርቅ አየር በማያስተነፍስ ነገር ቢታሸግ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይመነጫል። በ1984 እና በ1985 ረሃብና ጦርነት ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን በፋው መጠለያዎች ሲሰፍሩ፣ ባዶ የእርዳታ ጆንያ ምንጣፍና መከለያ ሆኖ እንደገና አገለገለ።

ጁት ለሽመና እንዲለሰልስ የማዕድን ዘይት ይቀባ ነበር፤ ዘይቱም ወደ ቡናና ካካዎ ይሸጋገራል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት በ1998 ባወጣው ደረጃ ለምግብ የሚሆን ጆንያ በኪሎ ከ1,250 ሚሊግራም ያነሰ እንዲህ ያለ ቅሪት እንዲኖረው ወሰነ። ደረጃው ግን ሌላ መዘዝ አላስቀረም። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘች። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ቡና አንድ አምስተኛ ያህሉን የምትገዛው እርሷ ነበረችና የገበያው መቀዝቀዝ ብርቱ ነበር። የኢትዮጵያ ወገን ጥርጣሬ በዋናነት ያረፈው ቡናው ላይ ሳይሆን ጆንያው ላይ ነው። ለገበሬው ከዚህ የከፋ የለም፤ ምርቱን አጥርቶ አድርቆ፣ ሌላ ሰው በገዛው ከረጢት ይከሰሳል።

ሰሊጥ ሌላ ፈተና አለው። ሽመናው ሳሳ ያለ ጆንያ ፍሬውን በመንገድ ያፈሰዋል። ፕላስቲኩ አያፈስም፤ ርካሽና ቀላልም ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ሲከርም ክሩ ይሰባበራል፤ እርጥብ ሰሊጥም ታፍኖ ይበላሽበታል። በእኔ ግምት ለሰሊጥ ፕላስቲኩ ይሻላል፤ መጀመሪያ በደንብ ከደረቀና ጥላ ካገኘ ነው ታዲያ።

ይህን የፕላስቲክ ጆንያ በአማርኛ «ማዳበሪያ» እንለዋለን፤ መጀመሪያ ገበሬው ደጅ የደረሰው ማዳበሪያ ይዞ ስለነበር ነው። በአዲሱ ሲሆን ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ያገለገለው ግን ታጥቦ የቤት ማሽላ ይገባበታል፤ ማዳበሪያ ይዞ ይሁን የተባይ መድኃኒት የነካው ዘር፣ ጽሑፉ ከለቀቀ በኋላ በዓይን አይለይም፤ ሽመናው ውስጥ የገባውንም ዱቄት አንድ እጥበት አያወጣውም።