የመንግሥት ሥልጣን ከእንጦጦ ወዲህና ወዲያ

የመንግሥት ሥልጣን ሦስት ክፍል እንዳለው፥ ይኸውም ሕግ ማውጣት፥ ሕግ ማስፈጸምና ሕግ መተርጐም መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ሥልጣን በሥራው ዓይነት ብቻ ሳይሆን በባለቤቱም እንደሚከፈል ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ይኸንን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፥ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ብንወርድ ይበቃናል።

በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ከፍተኛውን ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አደረገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ቢፈቅድም፥ ሱሉልታ የነበረችበትን የሸዋን ጠቅላይ ግዛት የሚያስተዳድረው ሹም የሚሾመው ከላይ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በሕዝብ ውሳኔ የጸደቀውም ሕገ መንግሥት፥ ዘውድ ባይኖርበትም፥ አሐዳዊውን መንግሥት አጸና።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ሥልጣንን ለሁለት ባለቤቶች አካፈለ። በአንቀጽ 50 ሦስቱን ሥልጣን ለፌዴራሉም ለክልሎችም ሰጠ። በአንቀጽ 51 መከላከያን፥ የውጭ ግንኙነትንና ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና መንገዶችን ለፌዴራሉ መንግሥት አደረገ። በአንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠውን ሁሉ ለክልሎች ተወ። ስለዚህ በሱሉልታ አልፎ ወደ ጎጃም የሚወስደው ዋና መንገድ የፌዴራል ጉዳይ ሲሆን፥ በግራና በቀኙ ያለውን መሬት፥ በፌዴራል ሕግ መሠረት፥ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ክልል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራስዋን በራስዋ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጠ፤ ኦሮሚያም በከተማይቱ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም እንዲጠበቅ አዘዘ፤ ዝርዝሩን ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ አለፈው። ዝርዝሩ ሳይወሰን ከተማይቱ ሰፋች። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፥ ለመሬቱ የሰጋው ሕዝብ ተቃወመ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ፕላኑም በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰናቸው ተስማሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለለች።

ከዚህ የምንማረው፥ ሥልጣንን በወረቀት ላይ ማካፈል የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አለመሆኑን ነው። ሳይዘረዘር የቀረ አንቀጽ ዕዳው የሚወድቀው በገበሬው ማሳ ላይ ነው። እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሁሉ፥ በአንድ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ከማሳረፋችን አስቀድመን፥ «ይህ ሥልጣን የማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።