የአራስ ቤት ደጃፍ

ከመራዊ ገበያ ወጣ ብለው በቆጋ ወንዝ ዳር በሰፈሩት መንደሮች፣ ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላህና ብር በሚያጠጡት አገር፣ እንዲሁም ፈጣም በሚወርድበት በቡሬ ገጠር፣ አንዲት ሴት ከምጥ በሰላም ተገላገለች በተባለ ጊዜ፣ እልልታው እንደ ልማዱ ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት ጊዜ ከቀለጠ በኋላ፣ የቤቱ ደጃፍ ለጠያቂ ሁሉ ይከፈታል፤ ለእናቲቱ ግን ይዘጋል። በዛሬው ዘመን የጤና ባለሙያዎች ስለ ወላዶች የሚያሰሙት አቤቱታ፣ ይኸውም በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምርመራ አይመጡም፣ ቢመጡም ሳምንታት ካለፉ በኋላ ለልጃቸው ክትባት ብቻ ነው የሚለው ቃል፣ እውነት መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ይህን መዘግየት ድንቁርና ወይም ቸልተኝነት ብሎ ማለፍ የአበውንና የእማትን ሥርዐት ሳይመረምሩ መፍረድ ይሆናል። እኔ እንደማምነው የጎጃም አራስ ቤት ሐኪም ከመምጣቱ አስቀድሞ የቆመ የድኅረ ወሊድ መጠበቂያ ነበር፤ ሕጉም እናቲቱ እንዳትወጣ ከለከለ እንጂ ረዳት ወደ እርሷ እንዳይገባ ከቶ አልከለከለም። እኛ ግን ዘመናዊውን ሕክምና ባመጣንላት ጊዜ የተፈቀደውን መንገድ ትተን በተከለከለው በኩል ጠራናት።

የሥርዐቱ መሠረት በመጻሕፍት የጸና ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው፣ ወንድ የወለደች ሴት 7 ቀንና 33 ቀን፣ ድምሩ 40 ቀን፣ ሴት የወለደች ደግሞ 14 ቀንና 66 ቀን፣ ድምሩ 80 ቀን ወደ መቅደስ አትገባም። ይህን ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ያነቡታል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን በምዕራፍ 3 ነገሩን ወደ ጥንተ ፍጥረት አድርሶ፣ አዳም በተፈጠረ በ40ኛው ቀን፣ ሔዋንም በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። እንግዲህ የሜጫ ወይም የጃቢ ጠህናን ባላገር ልጇን ታቅፋ በ40ው ወይም በ80ው ቀን ለክርስትና ወደ ደጀ ሰላም ስትገሠግሥ፣ ሕፃኑ በጥምቀት ወደ ገነት የሚገባበት ዕለት እንደ ደረሰ ታምናለች እንጂ አንድ ክልከላ አበቃልኝ ብላ ብቻ አትሄድም። እግዝእትነ ማርያምም ልጇን በ40 ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ማስገባቷ በየዓመቱ የካቲት 8 ቀን በስምዖን በዓል ይታሰባልና፣ በምጧ ጊዜ «ማርያም፣ ማርያም» ተብሎ የተጮኸላት ሴት የአራስነቷንም ቀን የምትቈጥረው በእመቤታችን አርአያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን ለሮሙ አቡሊዲስ የሚሰጠው፣ በግብጽ ቤተ ክርስቲያን በዐረብኛ ተጠብቆ የኖረው ቀኖና ነው። ይህ ቀኖና እናቲቱን ብቻ ሳይሆን አዋላጂቱንም ከቅዱሳት ምሥጢራት ለጊዜው ይለያታል፤ ያዋለደችው ወንድ እንደ ሆነ 20 ቀን፣ ሴት እንደ ሆነች 40 ቀን ትቈያለች። ይህንም ካዘዘ በኋላ፣ አዋላጆች ዕድሜያቸውን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሆነው እንዳይቀሩ ቍጥራቸው ይብዛ ይላል። ሥርዐቱን የጻፈው አባት፣ ወደ ወላድ መግባት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ዐውቆ፣ ወላዲቱ ብቻዋን ትሁን አላለም፤ ሸክሙን በብዙዎች ትከሻ ላይ አካፈለው። በጎጃምም ልማድ፣ አራስ ቤት የገባ ሰው ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰው ቤቱንና ሰዉን ጠበል እስኪረጩ ድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይዘልቅም፤ ይህን እያወቁ ጎረቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ወገቧን ደግፈው፣ እንግዴ ልጁን ተቀብለው፣ ልጁን አጥበው ያድራሉ። ለቅዳሴ የማትቀር ባልቴት እንኳ ምጥ የያዛት ሴት አለች ከተባለ ነጠላዋን አጣፍታ ትሮጣለች።

እስቲ ወደ ውስጥ እንዝለቅ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ብዙውን ጊዜ ወሯ ሲገባ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ካልሄደችም እናቷ መጥታ ታርሳታለች። መደቡ ላይ አጐዛ ይነጠፍላታል፣ በመጋረጃ ትከለላለች፣ ከራስጌዋ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይቀመጣል፤ ብረት ክፉ መንፈስን ያርቃል ይባላልና። ገና እንደ ተገላገለች የገብስ ገንፎ ይገነፋል፤ በሰፊ ሳሕን ላይ ቍልል ተደርጎ መካከሉ ይጐደጐድና የነጠረ ቅቤ ከበርበሬ ጋር ይሞላበታል፤ አብረው ያማጡት ሴቶችም ዙሪያውን ከበው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በየፊታቸው ካለው ጠርዝ እየቈረሱና ወደ ቅቤው እያጠቀሱ ማርያምን ያመሰግናሉ። በማግስቱና ከዚያም በኋላ ባለው ቀን ጠያቂዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች፣ የአጃ ዱቄት ወይም ቅቤ ወይም ዶሮ ይዛ ትገባለች፤ ያለው በግ ያርዳል፤ አጥሚቱም ከምድጃው አይጠፋም። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው የጎጃም ባላገር ሴት የቀረውን ዘመኗን እንዴት እንደምታሳልፈው ማሰብ አለበት፤ ከልጅነቷ ጀምራ እየፈጨች፣ እንስራ እየተሸከመች፣ እንጨት እየለቀመች፣ እያረመች፣ ማታ ደግሞ እየፈተለች ለምትኖር ሴት፣ ማንም ሳይገሥጻት ተኝታ የምትመገብበት፣ ሌላ ሰው ውኃ የሚቀዳላት ጊዜ ይህ የአራስነት ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ መደብ ተነሥተሽ በእግርሽ ጤና ጣቢያ ድረስ ነይ የሚላት ሰው፣ ምንም እንኳ አሳቡ ቅን ቢሆን፣ በዕድሜዋ ያገኘችውን አንድ ዕረፍት ሊነጥቃት የመጣ ቢመስላት አይፈረድባትም።

ይሁን እንጂ ቤቱ ያላየው ጠላት ነበረ። እናቶችን የሚገድለው ደም መፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በወለዱባት ዕለት ነው፤ በአራስ ቤት ግን ከወሊድ በኋላ የሚወርድ ደም «ክፉው ደም ይውጣላት» ተብሎ በደስታ ይታያልና፣ የነጠላው መራስ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ የሚቈጥር አይገኝም፤ ፊቷ ገርጥቶ ዐይኗ ሲዞር ያን ጊዜ ጩኸት ይነሣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የሚነሣው ትኩሳት ደግሞ ስሙ ምች ነው፤ ቅቤ የበላችና የተቀባች አራስ ፀሐይ ካገኛት ምች ይመታታል ተብሎ ይታመናል። ከዚህም የተነሣ ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጣታል፤ ወደ ውጭ መውጣትም በሽታዋን የሚያብስ እንጂ ወደ መድኃኒት የሚያደርስ መስሎ አይታይም። ቅቤ በእትብቱ ላይ መቀባቱም በንጹሕ አሳብ የሚደረግ ጉዳት ነው። በዚህ አያቶቻችንን የሚነቅፍ ቢኖር፣ በቪየና ከተማ የታወቀው የማዋለጃ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞች ከሬሳ መመርመሪያ ክፍል እጃቸውን ሳያጠሩ ወደ ወላዶች እየገቡ በአራስ ትኩሳት ይፈጇቸው እንደ ነበረ፣ ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስም እ.ኤ.አ. በ1847 እጅ ታጠቡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ እንዳልተቀበሉት ያስታውስ።

አደጋ ሲመጣ ቍጥሩ እንደሚላላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ራሱ ያስተምራል። ሕፃኑ ለሞት ካሰጋ ካህኑ 40ውን ወይም 80ውን ቀን ሳይጠብቅ ያጠምቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሕፃናት በጥምቀት መዘግየታቸው አስጨንቆት ቢከራከር፣ የእናቲቱ እምነትና እርጉዝ ሳለች የተቀበለችው ሥጋ ወደሙ ለልጁ ይበቃዋል የሚል መልስ ተሰጥቶት እንደ ነበረ ጽፏል። እናትና ልጅ በዚህ መልስ ውስጥ እንደ አንድ ይቈጠራሉ። እንግዲህ ለልጁ ነፍስ ሲባል ቀኑ የሚቀደም ከሆነ፣ ደሟ እየፈሰሰ ላለች እናት ሲባል ደጃፉን ማለፍ ኀጢአት እንዳልሆነ ለመንደሩ ከንስሐ አባት የበለጠ ማን ሊያስረዳ ይችላል? በአራስ ቤት ጠበል ሊረጭ የሚገባ ካህን ስለ ደምና ስለ ትኩሳት አንድ ቃል ቢጠይቅ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይደመጣል።

ዘመናዊው ሕክምና መጀመሪያ ላይ መንገዱን አልሳተም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖች ጋር ያሠለጠናቸው የማኅበረሰብ ነርሶች ወደየቤቱ እየሄዱ የሚያዋልዱና አራስ የሚጠይቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአልማ አታ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ጉባኤ በኋላም የልምድ አዋላጆች ንጹሕ ምላጭና ክር እየተሰጣቸው ሠለጠኑ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን መድቦ ቤት ለቤት አሰማራ። ከዚያ በኋላ ግን በወሊድ ምክንያት አንድም እናት መሞት የለባትም የሚለው መልካም ዐዋጅ ኀይሉን ሁሉ በወሊዷ ሰዓት ላይ አዋለ፤ አምቡላንስ በየወረዳው ተመደበ፣ ጤና ጣቢያዎችም የእናቶች ማቆያ ሠሩ፣ ገንፎም በዚያው እንዲገነፋ ቡናም እንዲፈላ አደረጉ። ይህ የገንፎ ነገር በጣም ብልህ ሥራ ነው፤ ብዙ ሴቶችን አምጥቷል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ታየው፣ በጤና ተቋም የወለዱት እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ሆኑ፤ በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የተመረመሩት ግን በ2016 ከመቶ 17፣ በ2019 ከመቶ 34 ብቻ ነበሩ። አንባቢ የ2019ን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሴቶች በባለሙያ እጅ ሲወልዱ፣ የተመረመሩት አንድ ሦስተኛ ከሆኑ፣ እዚያው ባለሙያው ዘንድ ተኝተው ሳሉ እንኳ ሳይታዩ የወጡ አሉ ማለት ነው። መዘግየቱ እንግዲህ የአራሷ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወላዷ በጤና ተቋሙ ቢያንስ 24 ሰዓት ትቈይ ይላል፤ አልጋ ግን ይጠባል፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ጎረቤቶች ሳይመሽ ለመመለስ ይቸኩላሉ፣ አምቡላንሱም የሚያመጣትን ያህል አይመልሳትም። ወደ እናቷ ቤት ሄዳ የወለደችው ደግሞ በባሏ ቀበሌ መዝገብ ተጽፋ በእናቷ ቀበሌ ትታረሳለችና፣ ከሁለቱም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዐይን ትሰወራለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ አክብዶታል። መራዊ በጥር 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሰላማውያን ሰዎች እንደ ተገደሉባት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያስታወቀባት ከተማ ናት። መንገድ በሚዘጋበትና መሣሪያ የያዘ ሰው በሚያስቆምበት አገር፣ ደኅና ሆና የምትታይ አራስን ለምርመራ ውጪ ማለት ከባድ ነገር ነው፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእግሯ ልትደርስበት የምትችለው ደጃፍ ግን በዚህም ዘመን አለ።

ለዚህች ሠራተኛ የልማዱ ቀን መቍጠሪያ ከምትገምተው በላይ ይረዳታል። ጥየቃ እንዲደረግ የሚመከረው በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ደግሞም በስድስተኛው ሳምንት ነው። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በጠያቂ የተሞላ ነው፤ አንዲት ጠያቂ ብትጨመር ማንም አይቃወም። በስምንተኛው ቀን ወንድ ልጅ ይገረዛልና ገራዡ ራሱ ወደ ቤት ይመጣል። ስድስተኛው ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ወንድ የወለደች እናት በ40ው ቀን ልጇን ክርስትና አስነሥታ፣ ማዕተብ አሥራለት፣ ከዚያ በሁለተኛው ቀን በነጻ እግሯ ለስድስተኛው ሳምንት ክትባት ጤና ጣቢያ ልትደርስ ትችላለች። ሥርዐቱን ጠንቅቃ የምትጠብቅ የሴት ልጅ እናት ግን በዚያ ቀን የአራስነቷን እኩሌታ ገና ማለፏ ነው፤ 38 ቀን ይቀራታል። ክትባቱን በየቤቱ ለማድረስ የሚወጣው ዕቅድ ወንድና ሴት የወለዱትን ለይቶ ቢጽፍና አስቀድሞ ወደ ሴት ልጅ እናቶች ደጅ ቢያመራ፣ የዘገዩ ተብለው የሚመዘገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ በጊዜያቸው ይገኛሉ።