ስለ ነርቭ፥ ስለ ዐይንና ስለ ጆሮ የተሰጡ የሕክምና ስሞች ታሪክ

የሰው አካል ክፍሎች ስም ከየት እንደ መጣ መመርመር የሰዋስው ሊቃውንት ሥራ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ሕመምተኛ ለሐኪም «ጅማቴን ያመኛል» ባለ ጊዜ፥ ሐኪሙ ሥጋን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ጅማት ነው ወይስ ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ብሎ ማመንታቱ አይቀርም። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ ወይም በሌላው የአገሩ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የነርቭ፥ የዐይንና የጆሮ ክፍሎች በቀደሙት ቋንቋዎች ስማቸውን እንዴት እንዳገኙ በአጭሩ እንመለከታለን፤ ከዚያም ታሪኩ ለአማርኛ ምን እንደሚያስተምር እናመለክታለን። ዘመኑን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ነርቭን እንመልከት። ኔውሮን የሚለው የግሪክ ቃል ጥንታዊ ትርጉሙ ጅማት፥ ደግሞም የቀስት አውታር ማለት ነበር። አሪስጣጣሊስ (384–322 ከክርስቶስ ልደት በፊት) እንኳ ይህን ቃል ሲጠቀምበት ጅማትን ማለቱ ነበር እንጂ ዛሬ ነርቭ የምንለውን ለይቶ አላወቀም። ለይተው ያወቁት ከእርሱ በኋላ በእስክንድርያ የሠሩት ሄሮፊሎስና ኤራሲስትራቶስ ናቸው። እነርሱም አስከሬን እየከፈቱ ከአንጎልና ከሕብለ ሠረሠር የሚወጡትን ነጫጭ ክሮች ተከታትለው፥ ከነዚህ አንዳንዶቹ ስሜትን፥ አንዳንዶቹ እንቅስቃሴን እንደሚያስተላልፉ ተረዱ። ይሁን እንጂ ለአዲሱ ግኝት የዋለው ያው አሮጌው ስም ስለ ነበረ፥ አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ኖረ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ጋሌኖስ ግን ጅማት፥ የአጥንት ማሰሪያና ነርቭ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን አጥብቆ አስተማረ። ይህንም በሰው ፊት ለማስረዳት ወደ ዐሣማ ጕሮሮ የሚሄደውን ነርቭ ቢያስረው፥ እንስሳው መፍጨርጨሩን ሳይተው ድምፁ ብቻ ጠፋ። ድምፅ የሚታዘዘው ከአንጎል እንደ ሆነም በዚህ ታወቀ።

እንግዲህ ግሪክኛ በዚያን ጊዜ የነበረበት ችግር አማርኛ ዛሬ ያለበት ችግር መሆኑን ልብ ይሏል። ጅማት የሚለው ቃላችን ሁለቱንም ተሸክሟል። ነርቭ የሚለው ቃል ከውጭ የገባልንም ይህን ሸክም ለመክፈል ነው።

የዐይን ክፍሎች ስም ታሪክ ከዚህ የበለጠ ሀብታም ነው። ግሪኮች የዐይንን ሽፋኖች የሰየሙት በሚያውቋቸው ነገሮች እየመሰሉ ነበር፤ አንዱን ቀንድ መሰል፥ አንዱን የወይን ፍሬ መሰል፥ አንዱን መረብ መሰል፥ አንዱንም የሸረሪት ድር መሰል አሉት። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ (809–873) እነዚህን ስሞች ወደ ዐረብኛ አገባ። ሁነይን የሂራ አገር ክርስቲያን ሲሆን ግሪክኛ፥ ሱርስትና ዐረብኛ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ስለ ዐይን የጻፋቸው ዐሥር ድርሳናትም ማክስ ማየርሆፍ በ1928 ካይሮ ላይ አሳትሟቸዋል። ሁነይን የግሪኩን ስም በድምፁ ብቻ ከመገልበጥ ይልቅ ምሳሌውን ይተረጕም ነበር። ቀንድ መሰሉን «ቀርኒያ»፥ መረብ መሰሉን «ሸበኪያ»፥ የወይን ፍሬ መሰሉን «ዒነቢያ» አለው። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የዐረብኛው መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመለሱም ተርጓሚዎቹ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ከቀንድ ኮርኒያ፥ ከመረብ ሬቲና፥ ከወይን ፍሬ ኡቬያ ተወለዱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለ የዐይን ሐኪም የሚጠራቸው ስሞች በሦስት ቋንቋዎች ተሻግረው የመጡ ናቸው ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ተርጓሚው የራሱን ቋንቋ ጠባይ ይጨምርበታል። የአንጎልን ሽፋን ግሪኮች ሜኒንክስ፥ ማለት ስስ ሽፋን ይሉት ነበር። ዐረቦች ግን አንዱን ነገር የሌላው እናት ብሎ መጥራት ልማዳቸው ስለ ሆነ «የአንጎል እናት» አሉት። የአንጾኪያው እስጢፋኖስ በ1127 የዓሊ ኢብን አልዐባስን መጽሐፍ ወደ ላቲን ሲመልስ ይህንኑ ቃል በቃል አስቀመጠው፤ ዱራ ማተር፥ «ጠንካራይቱ እናት» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የብሌን ነገር ነው። ግሪኮች ብሌንን ኮሬ፥ ላቲኖች ፑፒላ አሉት፤ የሁለቱም ትርጉም ልጃገረድ ወይም ትንሽ ልጅ ማለት ነው። ሰው የሌላውን ዐይን ቀርቦ ሲመለከት የራሱን ትንሽ መልክ በውስጡ ስለሚያይ ነው። በግዕዝም ብሌን «ብንተ ዐይን»፥ ማለት የዐይን ልጅ ይባላል። በግዕዝ ሴት ልጅ በተለምዶ ወለት ስትሆን፥ ብንት የሚለው የጥንት ሴማዊ ቃል በዚህ ስም ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ዕብራይስጥም ይህንኑ አባባል ያውቃል። ስለዚህ በምሳሌ መሰየም ለእኛ ቋንቋ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስም ግን ስሕተትንም ያወርሳል። ዐረቦች የዐይን ሞራን «የውሃ መውረድ» ይሉት ነበር፤ ከራስ የወረደ ፈሳሽ በብሌኑ ፊት የረጋ ይመስላቸው ነበርና። ላቲኖች ይህን ወስደው ካታራክታ፥ ማለት ፏፏቴ አሉት። በ1705 ብሪሶ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሟች ዐይን ከፍቶ ቢመረምር፥ የደፈረሰው በምስር ፍሬ የሚመሰለው የዐይን ክፍል ራሱ ሆኖ ተገኘ። የእኛ «ሞራ» ደግሞ ከላይ የተደረበ ስብ ያስመስለዋል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ በትራኮማ ምክንያት የዐይን ፊተኛው ሽፋን ጠባሳ የያዘበትም ሰው ሕመሙን ሞራ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላልና፤ ለሞራ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ግን ያን ጠባሳ አያነሣም።

የጆሮ ክፍሎች ስም የወጣው በኋላ ዘመን ነው። ቬሳሊዩስ በ1543 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ሁለቱን ትንንሽ የጆሮ አጥንቶች በመዶሻና በመስፍ መሰላቸው። ሦስተኛውን በ1546 ኢንግራሲያ በናፖሊ አገኘና እርካብ (ስታፔስ) አለው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን በእርካብ አይጋልቡም ነበርና ጥንታዊው ላቲን ለእርሱ ስም አልነበረውም፤ ስታፔስ በመካከለኛው ዘመን የተፈጠረ ቃል ነው። ፋሎፒዮም በ1561 የውስጡን ጆሮ ጥምዝ ክፍል በቀንድ አውጣ ቅርፊት መሰለው። አማርኛ ደግሞ «የጆሮ ታምቡር» ሲል ከላቲኑ ቲምፓኑም ጋር በምሳሌ ይገናኛል፤ ሁለቱም ከበሮ ማለት ናቸውና።

ከዚያ ወዲህ ስሞች እጅግ በዙ። ቶማስ ዊሊስ በ1664 ስለ አንጎል በጻፈው መጽሐፍ የነርቭን ጥናት ኔውሮሎጊያ አለው፤ ዋልደየር በ1891 የነርቭን ሕዋስ ኔውሮን ብሎ ሲሰይም የጅማት ጥንታዊ ስም እንደ ገና ሥራ አገኘ። በ1895 የአካል ሊቃውንት በባዝል ተሰብስበው ወደ 50,000 የሚጠጋውን የስም ክምር ወደ 5,000 ገደማ አወረዱት። በ1897 ደግሞ ሼሪንግተን የሁለት ነርቮችን መገናኛ ለመሰየም በተቸገረ ጊዜ፥ ሲናፕስ የሚለውን ቃል ያቀረበው ሐኪም ሳይሆን ቬራል የተባለ የግሪክኛ ምሁር ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ማንኛውም ቋንቋ የሕክምናን ስም ይዞ አልተወለደም፤ ላቲንም ከዐረብኛ፥ ዐረብኛም ከግሪክኛ ተበድረዋል። ስለዚህ አማርኛ ለሕክምና አይበቃም ማለት ታሪክን አለማወቅ ነው። ሁለተኛ፥ ባለ ምሳሌ ስም ለሕዝብ ቶሎ ስለሚገባ እንደ ታምቡርና እንደ ብሌን ያሉት ሊጠበቁ ይገባል፤ ሁለት ነገር የሚያደባልቅ ስም ሲገኝ ግን እንደ ነርቭ ያለውን የውሰት ቃል መቀበል ነውር የለበትም። ሦስተኛ፥ ሥራው የአንድ ወገን አይደለም። ሐኪሙ ብቻውን ቢሰይም ሕዝቡ የማይረዳው ቃል ያወጣል፤ የግዕዝ ሊቅ ብቻውን ቢሰይም የአካሉን ጠባይ የማይገልጽ ስም ሊሰጥ ይችላል። ሼሪንግተንና ቬራል እንደ ተረዳዱ የእኛም ሐኪሞችና የቋንቋ ምሁራን በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀመው ሕመሙን በትክክል መናገር የሚፈልገው ሰው ነው።