በሩን የከፈተው ሌላ፣ የገባው ሌላ

ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ የዛሬው ረዘም ይላል።

ስለ አገራችን ዴሞክራሲ ባወራን ቁጥር ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ «አሜሪካ ካልፈለገች ምንም አይመጣም» ይላል። ሌላው «የውጭ ሰው ምን አገባው፣ ሁሉም በሕዝቡ እጅ ነው» ይላል። ታሪኩን ሳየው ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው። የውጭ ኃይል በር ሊከፍት ይችላል። በተከፈተው በር የሚገባው ግን ያን ቀን ተደራጅቶ የተገኘው ነው።

ከሙያ ባልደረቦቼ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1973 በአረቦችና በእስራኤል ጦርነት ምክንያት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሰማይ ነካ። የንጉሡ መንግሥትም ቤንዚን ላይ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን አድማ መቱ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። የመሬት ጥያቄው፣ የወሎ ረሃብ፣ የደመወዝ ማነስ የራሳችን ጉዳይ ነበር። ክብሪቱ ግን ከውጭ መጣ።

ታዲያ ዙፋኑ ሲነቃነቅ ማን ገባ? ፓርቲ አልነበረንም፣ ንጉሡ አልፈቀዱም። በመላ አገሪቱ መዋቅር፣ መገናኛና መሣሪያ የነበረው ጦሩ ብቻ ነው። ደርግ ገባ። የሠራተኛ ማኅበሩ በመስከረም 1967 «ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» ሲል መሪዎቹ ታሰሩ፣ ማኅበሩም ቆይቶ ፈረሰ።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ሞስኮ ላይ ጎርባቾቭ መጥቶ «ከእንግዲህ የሌላውን መንግሥት በታንክ አቁሜ አልይዝም» የሚል አቅጣጫ ያዘ። ይህ ውሳኔ አዲስ አበባንም ዋርሶንም እኩል ነካ። በድሮ ሙያዬ ቋንቋ፣ የሁለቱም ቤት ድጋፍ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ፖላንድን እንይ። በ1980 (የእነሱ አቆጣጠር ነው) በግዳንስክ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ መቱ። መሪያቸው ሌክ ዋሌሳ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ የተወለደው ሶሊዳሪቲ የሚባለው የሠራተኛ ማኅበር በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 10 ሚሊዮን አባል አፈራ። በታኅሣሥ 1981 ጄኔራል ጃሩዜልስኪ ወታደራዊ አዋጅ አውጆ መሪዎቹን አሰረ፣ ማኅበሩንም አገደ። ማኅበሩ ግን ምድር ውስጥ ገብቶ ጋዜጣ ማተም ቀጠለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሆነችው። የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ገንዘብና የማተሚያ ዕቃ ላኩ። ልብ በሉ፣ ውጭው የረዳው ቀድሞ የነበረን ድርጅት ነው እንጂ ድርጅቱን አልፈጠረውም።

ኢኮኖሚው ወድቆ፣ ሞስኮም ዝም ስትል፣ መንግሥት የሚደራደረው ሰው ፈለገ። ሰውም ነበረ። በየካቲት 1989 ክብ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በሰኔው ምርጫ በታችኛው ምክር ቤት ለነፃ ውድድር የተተወው 35 በመቶ ወንበር ብቻ ነበር፤ ሶሊዳሪቲ ሁሉንም ወሰደው። ከላይኛው ምክር ቤት 100 ወንበር ደግሞ 99ኙን አሸነፈ። በነሐሴ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የእነሱ ሰው ሆነ። አንድም ታንክ አልመጣም።

ወደ እኛ እንመለስ። ደርግም ከሞስኮ የሚያገኘው መሣሪያ ነጠፈ፣ የኩባ ጦርም ወጣ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ዚምባብዌ ሄደ። ከስድስት ቀን በኋላ ለንደን ላይ አሜሪካዊው ኸርማን ኮኸን የመሩት ጉባኤ ተከፈተ፣ በማግስቱ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ለንደን የተጠሩት እነማን ነበሩ? የደርግ ልዑካንና ጠመንጃ የያዙ ግንባሮች። የሠራተኛ ማኅበር የለም፣ የመምህራን ማኅበር የለም። በሰኔ መጨረሻ የሽግግር ቻርተሩ ሲጸድቅ 87 ወንበር ያለው ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው መሣሪያ ይዞ የገባው ነው። አሜሪካኖቹ እርዳታውን ከዴሞክራሲ ጋር እናያይዛለን ብለው ነበር። በ1984ቱ የክልል ምርጫ ኦነግን ጨምሮ ሌሎች ሲወጡ ግን እርዳታው ቀጠለ። ውስጥ የሚያስገድድ ኃይል ከሌለ የውጭ ቃል ወረቀት ላይ ይቀራል።

«ታዲያ የእኛ ሕዝብ ሰነፍ ነው?» የሚል ይኖራል። በጭራሽ! ጃሩዜልስኪም ሰው ገድሏል፣ ግን አብዛኞቹን መሪዎች አሰረ፤ ከእስር የወጣ ሰው ድርጅቱን ይቀጥላል። ደርግ ግን በቀይ ሽብር አንድ ትውልድ አደራጆችን ፈጀ። የፖላንድ ቤተ ክርስቲያን ሮም ላይ ፖላንዳዊ ጳጳስ ነበራት። የእኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ግን ከመንበራቸው ተነሥተው ተገደሉ። በ1983 በሩ ሲከፈት ባዶ እጃችንን የቆምነው ሳንሞክር ቀርተን አይደለም፣ የሞከሩት ስላለቁ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእኛ ለውጭዎቹ ነው። ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት በብርድ መሰለፍ፣ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ለሴናተር ደብዳቤ መጻፍ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ በር ማንኳኳት ነው። በሩ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ዓለም ይዞራል። ያኔ ማን ተደራጅቶ ቆሞ ይገኛል? ለመሣሪያ መግዣ ሲጠየቅ በአንድ ምሽት አዳራሽ የሚሞላ ሰው፣ ለመምህራን ማኅበር፣ ለሕግ ባለሙያዎች፣ ለአንዲት ነፃ ጋዜጣ ሲጠየቅ የት ይጠፋል? እድራችንን ስንት ዘመን ያለ ማንም ትእዛዝ ያስተዳደርን ሕዝብ ነን፤ መደራጀት አያቅተንም።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ሳልቆጣ አነባለሁ። ግን ስድብ ሳይሆን ታሪክ ይዛችሁ ኑ። ደህና እደሩ።