ማሜ ጋራና የካቬሪ ዳር

የገና ዕለት ጠዋት፣ ማኅሌቱ ካደረ በኋላ፣ በላሊበላ ከቤተ ማርያም በላይ ያለው የዓለት አፋፍ በካህናት ይሞላል። ስፍራው ማሜ ጋራ ይባላል። ግማሾቹ ካህናት አፋፉ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ካባውና ጥምጥሙ ዓይን ይስባል፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚሻማውም ለዚያ ነው። የእኔ ነገር ግን ጆሮ ላይ ነው። ከአፋፉ የወረደው ዜማ ግድግዳውን መትቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ያ ግድግዳ ከሌላ ቦታ በመጣ ድንጋይ የተካበ አይደለም፤ ራሱ ተራራው ነው። የዛግዌ ዘመን ጠራቢዎች ቤተ ክርስቲያኑን ከቀዩ ዓለት ፈልፍለው ሲያወጡ በዙሪያው የቀረው ክፍት ቦታ እንደ በገና ገበቴ ድምፅ ይሰበስባል። ይህን ቅብብል በከተማ አዳራሽ በድምፅ ማጉያ የሰማ ሰው ዜማውን ሰምቷል፤ «ቤዛ ኩሉ»ን ሰምቷል ለማለት ግን ይከብደኛል።

ዜማንና አገርን አንድ ላይ ማድመጥ የላሊበላ አገር የላስታ ብቻ ልማድ አይደለም። በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ ካቬሪ ወንዝ ዳር ቲሩቫያሩ የምትባል ከተማ አለች። የካርናቲክ ሙዚቃ ታላቁ ደራሲ ትያጋራጃ (1767–1847 እ.ኤ.አ.) የኖረውም ያረፈውም እዚያ ነው። ዓመታዊ መታሰቢያው ብዙ ጊዜ ከእኛ ገናና ጥምቀት ሰሞን አይርቅም። በዚያ ቀን በርካታ ሙዚቀኞች ወንዙ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አምስቱን ታላላቅ ድርሰቶቹን በኅብረት ይዘምራሉ። ራጋ ከሚባሉት የዜማ ስልቶቻቸውም ከሰዓትና ከአየር ጠባይ ጋር የተቆራኙ አሉ፤ ቡፓላም የንጋት ነው፣ ኒላምባሪ የእሹሩሩ፣ አምሪታቫርሺኒ የዝናብ። ሌላው የካርናቲክ ደራሲ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር ድርቅ በመታው አገር ሲያልፍ በአምሪታቫርሺኒ ዘምሮ ዝናብ አወረደ ይላሉ። ማመን አለማመን የአድማጩ ፈንታ ነው። በድርቅ ዓመት ምሕላ ይዞ ታቦት ተከትሎ ለሚወጣ የላስታ ገበሬ ግን ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም።

የእኛው ትውፊትም ከዛፍና ከወፍ ይጀምራል። በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ፣ ቅዱስ ያሬድ ትዕግሥትን ዛፍ ላይ ከምትወጣ ትል፣ ዜማን ከሦስት አእዋፍ ተማረ፤ የመጨረሻ ዘመኑንም በሰሜን ተራሮች አሳለፈ ይባላል። ድርሰቱ ድጓ የሚሄደው ዓመቱን ተከትሎ ነው። ከሰኔ 26 ጀምሮ በክረምቱ ዜማ ውስጥ ደመና፣ ዝናብና ዘር ይነሣሉ፤ በዚያው ወቅት ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይከርማል፣ ከላስታ የሚነሣው ተከዜም ይሞላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። እመቤታችን በአበባ፣ ልጇም በፍሬ እየተመሰሉ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ሁዳዴ ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዜማል። ያን ጊዜ የላስታ ማሳም ታጭዶ፣ ደርቆ፣ አፈሩ ብቻ ቀርቶ ነው የሚገኘው። ያሬድ የደረሰው ለላስታ ነው አልልም። ላስታ ግን ድጓውን በየዓመቱ በገዛ ሰማዩና በገዛ ማሳው ይሰማዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት ሲያበጁ ዜማው በብራና ላይ መነበብ ጀመረ፤ ተማሪው ግን ዛሬም ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ በቃሉ ይዞ ነው የሚያድገው።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንወጣም ላስታ ያለበት ወሎ ዜማን ከቦታ አልለየም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የቦታ ስም ይዘዋል። አምባሰል ግሸን ማርያም ያለችበት የገደልና የአምባ አገር ነው፤ ባቲ ደግሞ ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት ያለች የሰኞ ገበያ ከተማ። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል የሰማ ሰው ገደሉን ሳያስብ አይቀርም።

እዚህ ላይ ህንድ ሳትጠራት ትመጣለች። የሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ካርናቲኮች ሞሃናም ከሚሉት ራጋ ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። ሜጀር ባቲም ከጋምቢራናታ ጋር ይገጥማል፤ ጋምቢራናታ ደግሞ በደቡብ ህንድ የቤተ መቅደስ ዑደት ሲወጣ በናጋስዋራም የሚነፋው ማላሪ የሚሰማበት ራጋ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የዘር ሐረግ መቁጠር ስሕተት ነው፤ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት በብዙ አገር አለ፣ አጨዋወቱም ለየቅል ነው። በንጉሡ ዘመን ከኬራላ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት ህንዳውያን ግን ማታ ከየጠጅ ቤቱ የሚወጣውን የማሲንቆ ትዝታ ሲሰሙ ምን አስበው ይሆን እላለሁ።

ላሊበላን ለጆሮው ብሎ የሚሄድ ሰው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከገና ይልቅ ጥቅምትን ቢመርጥ ይሻለዋል። በገና ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ማሜ ጋራ አጠገብ መቆሚያ አይገኝም። በጥቅምት ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም፤ ቅዳሜ ማታ ጋቢውን ደርቦ ከገባ ማኅሌተ ጽጌን እስኪነጋ ይሰማል። ሲነጋም በበቅሎ ወይም በእግሩ ወደ አሸተን ማርያም ቢወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሙ ሲጠራ ያደረው አበባ በየመንገዱ ዳር አለ።