የናፖሊዮን ሁለት መቃብሮች

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ አንድ የሞተ ንጉሥ የት እንደሚያርፍ መወሰን የቤተሰቡና የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት የማን ወራሽ መሆን እንደሚሻ በአደባባይ የሚያስታውቅበት የፖለቲካ ሥራ ጭምር ነበር። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ፍልሰተ ዐፅም የሚባለው፣ ማለትም የሟችን ዐፅም ከመጀመሪያ መቃብሩ አውጥቶ በክብር ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር፣ ለቅዱሳን የሚደረግ ሥርዓት ነው፤ ፈረንሳውያን በ1840 (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ቦናፓርት ያደረጉትና «የአመዱ መመለስ» ብለው የሰየሙት ሥርዓት ግን ከጸሎት ይልቅ ስሌት የበዛበት ነበር።

ናፖሊዮን በ1815 በዋተርሎ ድል ከተነሣ በኋላ እንግሊዞች በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ሴንት ሄሌና ደሴት አጋዙት፤ በዚያም ሜይ 5 ቀን 1821 ሞተ። በኑዛዜው በሴን ወንዝ ዳር፣ በፈረንሳይ ሕዝብ መካከል እንዲቀበር ጠይቆ የነበረ ቢሆንም፣ የደሴቲቱ አገረ ገዥ ሰር ሃድሰን ሎው አስከሬኑ ከደሴቲቱ እንዳይወጣ ስለታዘዘ፣ ሟቹ ይህ ቢከለከል ብሎ በመረጠው፣ ምንጭና የአኻያ ዛፎች ባሉበት ሸለቆ ውስጥ በአራተኛው ቀን ተቀበረ። አስከሬኑ አንዱ በሌላው ውስጥ በሚገቡ አራት ሣጥኖች ተዘጋ፤ የውስጠኛው ከቆርቆሮ፣ ሁለተኛው ከማሆጋኒ እንጨት፣ ሦስተኛው ከእርሳስ፣ የውጭው እንደገና ከማሆጋኒ የተሠራ ሲሆን፣ ልቡና ጨጓራው በብር ዕቃ ተደርገው አብረውት ገቡ። በድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ግን ከቀብሩ በላይ አከራከረ። አብረውት የተጋዙት ፈረንሳውያን፣ ነገሥታት በመጠሪያ ስማቸው ብቻ እንደሚጠሩ በማሰብ «ናፖሊዮን» ብቻ ተብሎ እንዲቀረጽ ፈለጉ፤ ንጉሠ ነገሥትነቱን ፈጽሞ ያልተቀበለው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሎው ደግሞ «ቦናፓርት» ካልተጨመረበት አልፈቅድም አለ። ከሁለቱም ወገን የሚያፈገፍግ በመጥፋቱ፣ የአውሮፓን ካርታ የለወጠው ሰው 19 ዓመት ምንም ባልተጻፈበት ድንጋይ ሥር ተኛ።

አስከሬኑን የማስመለሱ ሐሳብ በ1840 የመጣው ከጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፍ ቲየር ነው። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ዙፋኑን ያገኘው በ1830 አብዮት ስለነበረ የጥንቱን ሥርወ መንግሥት ደጋፊዎችም ሪፐብሊካኖችንም አላስደሰተም፤ የናፖሊዮንን ክብር መጋራት ይህን ጉድለት ይሞላል ተብሎ ታሰበ፤ እንግሊዝም ሳታቅማማ ፈቀደች። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዧንቪል «ቤል ፑል» በተባለች የጦር መርከብ ሄዶ፣ ኦክቶበር 15 ቀን መቃብሩ ተከፈተ፤ ዕለቱ ናፖሊዮን ደሴቲቱ ከደረሰ ልክ 25 ዓመት የሞላበት ነበር። ሠራተኞች ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ዝናብ እየዘነበ ሲቆፍሩ አድረው የመጨረሻውን ሣጥን ሲከፍቱ፣ አስከሬኑ ሳይፈርስ መልኩ እንኳ እንደሚለይ በቦታው የነበሩት የቀድሞ ባልደረቦቹ አዩ፤ አየር እንዳያበላሸው ግን ከሁለት ደቂቃ ያህል በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

መርከቢቱ ገና በባሕር ላይ ሳለች ቲየር ከሥልጣን ወረደ፤ ስለዚህ ዲሴምበር 15 ቀን በብርቱ ውርጭ ውስጥ ሰልፉ በድል ቅስት ሥር አልፎ ወደ አንቫሊድ፣ ማለትም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለቁስለኛና ለአረጋውያን ወታደሮች ወደተሠራው ሕንፃ ሲያመራ፣ ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ሥልጣን ላይ አልነበረም። በ16 ፈረሶች በሚሳበው ትልቅ ሠረገላ አናት ላይ ለሕዝብ የታየው ሣጥን ባዶ ነበር፤ እውነተኛው በሠረገላው ሆድ ተሸሽጎ ይጓዝ ነበር። የናፖሊዮን የወንድም ልጅ ሉዊ ናፖሊዮን ደግሞ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ስለከሸፈበት፣ የአጎቱን ክብር በሃም ምሽግ ታስሮ በወሬ ሰማ።

ዛሬ የሚታየውን መቃብር የነደፈው አርክቴክት ሉዊ ቪስኮንቲ ነው። ከአንቫሊድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሥር ወለሉን በክብ አስቆፍሮ ከላይ ክፍት የሆነ ምድር ቤት ስላበጀ፣ ጎብኚ ሁሉ ሣጥኑን ለማየት በአጥሩ ላይ አጎንብሶ ቁልቁል መመልከት ግድ ይለዋል፤ ይህ እጅ የማስነሣት ዘዴ ሳይታሰብበት የመጣ አይመስልም። ለሣጥኑ የሮማ ቄሣሮች መቃብር ይሠራበት የነበረውን ፖርፊሪ የተባለ ቀይ ድንጋይ የሚመስል ሲፈለግ፣ የተገኘው በሩሲያ በኦኔጋ ሐይቅ አካባቢ ነው፤ ድንጋዩ ኳርትዛይት፣ ማለትም በሙቀትና በግፊት የጠጠረ የአሸዋ ድንጋይ ነበር። በ1812 የናፖሊዮን ሠራዊት ያለቀባት አገር የመቃብር ድንጋዩን ሰጠች። ሥራው እየተጓተተ ቪስኮንቲም በ1853 ሞቶ፣ የናፖሊዮን አስከሬን በአጠገቡ ካለው ትንሽ ጸሎት ቤት ተነሥቶ በሣጥኑ ያረፈው ኤፕሪል 2 ቀን 1861 ነው።

አስመላሾቹ ራሳቸው ምን ዕጣ እንደገጠማቸው ማየት የበለጠ ያስገርማል። ሉዊ ፊሊፕ በ1848 ከዙፋኑ ወርዶ እንግሊዝ አገር በስደት ሞተ፤ አስከሬኑ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰው በ1876 ነው። ከእስር አምልጦ ኋላ ናፖሊዮን ሣልሳዊ የተባለው፣ የ1861ዱን ሥርዓት በዙፋኑ ላይ ሆኖ ያየው የወንድም ልጅም በ1870 በፕሩሲያ ተሸንፎ፣ በ1873 በዚያው በእንግሊዝ ሞተ፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ በፋርንቦሮ ገዳም ነው። ብቸኛ ልጁ ለእንግሊዝ ሠራዊት በዘመተበት በዙሉ ምድር ጁን 1879 ተገድሎ ከአባቱ ጎን ተቀበረ። የዚህ ልዑል መታሰቢያ ሐውልት በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ሲገኝ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በ18 ዓመቱ የሞተው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም የተቀበረው እዚያው ጸሎት ቤት ዘንድ ነው፤ የኢትዮጵያውያን «ዐፅሙ ይመለስ» ጥያቄ ግን በ2023ም በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ተቀባይነት አላገኘም።

የመጨረሻው አስመላሽ አዶልፍ ሂትለር ነበር። በ1832 በኦስትሪያ የሞተውን የናፖሊዮንን ልጅ፣ የራይሽታት መስፍንን፣ ከቪየና አስነሥቶ ዲሴምበር 15 ቀን 1940፣ ማለትም የአባቱ ሰልፍ መቶኛ ዓመት በዋለበት ዕለት፣ በጀርመን ለተያዘችው ፓሪስ «ስጦታ» አድርጎ ላከው። የፈረንሳይ መንግሥት መሪ ማርሻል ፔታን ተጋብዞ ቀረ፤ በብርድ የተቆራመደው የፓሪስ ሕዝብም ከሰል ብንፈልግ አመድ ላኩልን ብሎ ቀለደበት። የመስፍኑ ሣጥን በ1969 ከአባቱ አጠገብ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ፤ ልቡና የሆድ ዕቃው ግን በሀብስቡርግ ቤተሰብ ልማድ መሠረት በሞተ ጊዜ ተለይተው ወጥተው ስለነበር፣ ያን ጊዜም አልተላኩም፤ ዛሬም ቪየና ናቸው።