የቤኔት እኅትማማቾችና አንባቢዎቻቸው

በእንግሊዝ አገር፣ በሀምሽር አውራጃ፣ ቻውተን በምትባል ትንሽ መንደር ትኖር የነበረችው ደራሲ ጄን ኦስተን ከ1814 ጀምሮ አንድ ያልተለመደ ሥራ ትሠራ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመዶቿ፣ ጎረቤቶቿና ወዳጆቿ ስለ ልብ ወለዶቿ የተናገሩትን እየሰበሰበች፣ ሙገሳውን ከነቀፋው ሳትለይ፣ በገዛ እጅ ጽሕፈቷ ትመዘግብ ነበር። መዝገቡ ሳይጠፋ ለዛሬ ደርሷል። አንድ ሰው «ኤማ» የተባለውን መጽሐፍ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ አንብቦ እንደ ተወው፣ ምክንያቱም መጽሐፉ አያስደስትም ሲባል ሰምቶ ስለ ነበረ መሆኑን፣ ያለ አንዳች አስተያየት ጽፋዋለች። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ቀደም ሲል የታተሙትን ሁለት መጻሕፍት ፍጹም ከንቱ ነገር ብላ ካጣጣለች በኋላ፣ «ማንስፊልድ ፓርክ» የተሻለ ይሆናል በሚል ተስፋ አንደኛውን ቅጽ ጨርሳ፣ እንግዲህ የከፋው አለፈልኝ ማለቷ ተመዝግቧል። ስም ያለው ሃያሲም፣ የቤት እመቤትም፣ የገዛ እናቷም በዚህ ወረቀት ላይ እኩል መስመር ተሰጥቷቸዋል።

መዝገቡ የሚናገረው ስለ «ማንስፊልድ ፓርክ»ና ስለ «ኤማ» ነው። ይሁን እንጂ ከገጽ ወደ ገጽ ደጋግሞ የሚነሣው ሌላ መጽሐፍ ነው። አንዱ «ያኛውን አይደርስበትም» ይላል፤ ሌላው «ከያኛው ይበልጣል» ይላል። የደራሲዋ እናትም አዲሱን «ማንስፊልድ ፓርክ» ከቀድሞው አሳንሰው ነው ያዩት። ሁሉም ሚዛን አድርገው የያዙት የአምስቱን የቤኔት እኅትማማቾች ታሪክ፣ በአማርኛ «ኩራትና ጭፍን ፍርድ» ሊባል የሚችለውን ልብ ወለድ ነበር።

መጽሐፉ ወደ አንባቢ እጅ የደረሰው በቀላሉ አይደለም። ደራሲዋ የመጀመሪያውን ረቂቅ በ1796 ጀምራ በ1797 ስትጨርስ ዕድሜዋ ከሃያ አንድ ዓመት አይበልጥም ነበር። አባቷ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ለአንድ የታወቀ የለንደን አሳታሚ ደብዳቤ ጽፈው ረቂቁን ይመለከተው እንደ ሆነ ቢጠይቁ፣ አሳታሚው ሥራውን ለማየት እንኳ ሳይፈቅድ ወዲያው እንቢታውን መለሰ። ከዚያ በኋላ ረቂቁ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ1811 የኤሊኖርና የማሪያንን፣ የሌሎቹን ሁለት እኅትማማቾች ታሪክ የያዘው መጽሐፏ ታትሞ አንባቢ ካገኘ በኋላ ነው አሮጌው ረቂቅ እንደ ገና ተነሥቶ፣ ተቆርጦና ታርሞ ለቶማስ ኤጀርተን የተሸጠው። እርሷ 150 ፓውንድ ፈልጋ ነበር፤ የተከፈላት 110 ፓውንድ ነው። የባለቤትነት መብቱን ጨርሳ ስለ ሸጠችም፣ በዚያው ዓመት ከወጣው ሁለተኛ እትምና በ1817 ከወጣው ሦስተኛ እትም አንዲት ሳንቲም አላገኘችም።

መጽሐፉ ጥር 28 ቀን 1813 በሦስት ቅጽ ተከፍሎ ሲወጣ ዋጋው 18 ሽልንግ ነበር። ይህ ከአንድ የእርሻ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ በላይ ነው። ስለዚህ ያነበቡት ብዙዎቹ ገዝተውት ሳይሆን በዓመት ክፍያ ከሚያከራዩ ቤተ መጻሕፍት ተውሰውት ነው፤ ሦስት ቅጽ መሆኑም ለአከራዮቹ የሚመች ነገር ነበር፤ አንዱን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለሦስት ሰው ማዋስ ይቻላልና። የደራሲዋ ስም በሽፋኑ ላይ አልነበረም። የመጀመሪያው ቅጂ ቻውተን በደረሰ ዕለት አንዲት ጎረቤት ለእራት መጥታ ነበርና፣ እናትና ልጅ የማን ድርሰት እንደ ሆነ ሳይነግሯት መጽሐፉን ያነቡላት ጀመር። ጎረቤቲቱ ኤልዛቤት ቤኔትን ወደደቻት። ጄን ኦስተን ይህን ለእኅቷ ስትጽፍ ደስታዋን አልሸሸገችም፤ ኤልዛቤትን የማይወድ ሰው እርሷ ራሷ ልትታገሠው እንደማትችል ጨምራ አስታወቀች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በሁለተኛው ምሽት ንባብ እንዳልረካች ጻፈች። እናቷ በጣም እየቸኮሉ ያነቡ ነበርና፣ ባለታሪኮቹን ምንም ያህል ቢያውቋቸው እንደሚገባቸው ሊያናግሯቸው አልቻሉም።

ያን ዓመት ሦስት መጽሔቶች ስለ መጽሐፉ ጽፈዋል፤ ሁሉም አመስግነዋል። የመጽሔቶቹ ምስጋና ግን የጨዋ ሰው ሰላምታን ያህል ቀዝቃዛ ነው። ይልቅ ለማንበብ የሚያስደስተው ሰዎች ለእርስ በርሳቸው የጻፉት ነው። ኋላ የባለቅኔው የባይረን ሚስት ለመሆን የበቃችው አናቤላ ሚልባንክ በግንቦት ወር 1813 ለእናቷ በጻፈችው ደብዳቤ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ አወደሰች። ምክንያቷ ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ውሃ የሚሰጥም የለም፣ ቤት አይቃጠልም፣ ፈረስ አይደነብርም፣ ማንም ልብስ ለውጦ ማንንም አያታልልም። ከዚያ በፊት ካነበበቻቸው ሁሉ ይልቅ በእውን ሊሆን የሚችል ታሪክ ሆኖ አገኘችው። የሚያስለቅስ አይደለም፤ ሆኖም አንባቢን ይዞ አይለቅም፤ በተለይም ስለ ሚስተር ዳርሲ።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ደራሲት ሜሪ ራስል ሚትፎርድ ከዚህ ፍጹም የተለየ ፍርድ ሰጠች። ኤልዛቤት ለእርሷ አፈ ፈጣን፣ ዓለማዊና ደፋር ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለችውን ልጅ ለታሪክ መሪነት መምረጥ የጣዕም ማነስ ነው፤ ዳርሲም ማግባት የነበረበት ታላቂቱን፣ ረጋ ያለችውን ጄንን ነበር። ነቀፋው ዛሬ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ሚትፎርድ ከምስጉን ሃያስያኑ ይልቅ መጽሐፉን በሚገባ አይታዋለች ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዘመኑ ልብ ወለድ ውስጥ የጨዋ ልጅ ታለቅሳለች፣ ትታመማለች፣ ትጠብቃለች እንጂ ባለ አሥር ሺህ ፓውንዱን ጌታ ፊት ለፊት አትመልስም። ኤልዛቤት መለሰችው። አዲሱ ነገር ይኸው መሆኑን ሚትፎርድ ዐውቃለች፤ ያልወደደችውም ስላወቀች ነው።

ሰር ዋልተር ስኮት በ1816 በወጣ ረጅም ጽሑፉ ሌላ ነገር ነካ። የኤልዛቤት ልብ የተለወጠው የዳርሲን ሰፊ ርስትና ያማረ ቤት ካየች በኋላ ነው አለ፤ አባባሉ በከፊል ቀልድ ነው። ኤልዛቤት ራሷም በመጽሐፉ ውስጥ ለእኅቷ ይህንኑ እየቀለደች ትናገራለች። ስኮት መጽሐፉን አልናቀውም፤ በ1826 በዕለት ማስታወሻው ቢያንስ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳነበበው ከመዘገበ በኋላ፣ ተራውን ኑሮ እንዲህ አድርጎ መግለጽ ለእርሱ ያልተሰጠ ችሎታ መሆኑን አምኗል። በአውሮፓ ሁሉ የተነበበ ደራሲ ስለ አንዲት የቄስ ልጅ እንዲህ ሲል መጻፉ ለጄን ኦስተን አልደረሳትም፤ በ1817 በአርባ አንድ ዓመቷ ሞታ ነበር።

ስኮት የነካው የገንዘብ ጉዳይ የመጽሐፉ አጥንት ነው። ሚስተር ቤኔት በዓመት 2,000 ፓውንድ ገቢ አለው፤ ርስቱ ግን በወንድ ወራሽ የታሠረ ስለ ሆነ ሲሞት ለሩቅ ዘመዱ ለቄስ ኮሊንስ ይተላለፋል። አምስቱ ሴቶች ልጆች ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ለያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 1,000 ፓውንድ ያህል ነው። (ርስት የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ በነበረው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅም ከአባቷም ከእናቷም ወገን ድርሻ ነበራት። የቤኔት ልጆች ይህን ቢሰሙ ይቀኑ ነበር።) የሃያ ሰባት ዓመቷ ሻርሎት ሉካስ ማንም ሊያዳምጠው የማይወደውን ኮሊንስን የምታገባው ሞኝ ስለ ሆነች አይደለም። ከዚህ የተሻለ ጣራ እንደማታገኝ ሂሳቡን ሠርታ ስላወቀች ነው።

ይህን ሂሳብ አለማየት ትልልቅ አንባቢዎችን አሳስቷል። ሻርሎት ብሮንቴ በ1848፣ ሃያሲው ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ መክሯት መጽሐፉን ካነበበች በኋላ፣ በጥንቃቄ የታጠረና የተኮተኮተ የአትክልት ቦታ አየሁ እንጂ ሜዳ፣ ንጹሕ አየር፣ ኮረብታ አላየሁም ስትል ጻፈችለት። በእነዚያ ባማሩና በጠበቡ ቤቶች ውስጥ ከነዋሪዎቹ ጋር መኖር እንደማትወድም ገለጸች። «ጄን ኤር»ን የጻፈች ሴት እንዲህ ማለቷ አያስደንቅም። አጥሩን አይታዋለች፤ አጥሩን ማን እንደ ሠራው ግን አልጠየቀችም። የቤኔት ልጆች በአጥር ውስጥ የሚመላለሱት ደራሲዋ ሜዳ ስለማታውቅ ሳይሆን ሕጉ ሌላ መውጫ ስላልተወላቸው ነው። አሜሪካዊው ኤመርሰን በ1861 ከዚያ በባሰ ቃል ጻፈ፤ የዚህች ደራሲ ባለታሪኮች ስለ ጋብቻና ስለ ገንዘብ ብቻ የሚያስቡ ሆነው ታዩት። ያገባች ሴት በእንግሊዝ ሕግ የራሷን ንብረት በሙሉ መብት ልትይዝ የቻለችው በ1882 በወጣው ሕግ መሆኑን ልብ ለሚል ሰው፣ ስለ ገንዘብ ማሰብ እንደ ጥፋት የሚቆጠር አይሆንም። ስለ ማርክ ትዌይን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መጽሐፉን ባነበበ ቁጥር ደራሲቱን ከመቃብር አውጥቶ በገዛ አጥንቷ ራሷን መምታት እንደሚያምረው በ1898 ጽፏል። ደጋግሞ ማንበቡን ግን በዚያው ቃሉ አምኗል።

የወንድሟ ልጅ ያዘጋጀው የሕይወት ታሪክ በ1869 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቸርና ጸጥተኛ አክስት ተሥላ ቀረበች። አንባቢው እንደ ቤተ ዘመድ ይወዳት ጀመር። ፕሮፌሰር ጆርጅ ሴንትስበሪ በ1894 በጻፈው መቅድም ከልብ ወለድ ሴቶች መካከል ለትዳር ኤልዛቤት ቤኔትን እንደሚመርጥ በይፋ አስታወቀ። ኪፕሊንግም በ1924 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፍ ክፍል ውስጥ ስለ ጄን ኦስተን መጻሕፍት የምሥጢር ማኅበር ያቋቋሙ ወታደሮችን ታሪክ ጻፈ። ይህ ፍቅር እውነተኛ ቢሆንም መጽሐፉን አለሳልሶታል። በ1940 የሥነ ልቡና ምሁሩ ዲ. ደብልዩ. ሃርዲንግ፣ ደራሲዋን የሚወድዷት ብዙዎቹ እርሷ ልትወድዳቸው የማትችላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው ሲል አዲስ ክርክር ከፈተ። በእርሱ አስተያየት በዚያ ጨዋ ሣቅ ሥር በልክ የተያዘ ጥላቻ አለ። ቄስ ኮሊንስን አንድ ጊዜ በጥሞና ያነበበ ሰው ይህን ለመካድ ይቸግረዋል።

በታኅሣሥ ወር 1943 ዊንስተን ቸርችል በቱኒዝያ በሳንባ ምች ታምሞ ሳለ ልጁ ሣራ ይህንኑ መጽሐፍ አነበበችለት። ሰዎቹ ምን ያህል የተረጋጋ ኑሮ እንደ ነበራቸው፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮትም ሆነ ስለ ናፖሊዮን ጦርነት እንደማይጨነቁ ተገርሞ መዝግቦታል። ሆኖም ጦርነቱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ። በሜሪተን የሰፈረው ቀይ ለባሽ ጦር፣ ከብራይተን የጦር ሰፈር መኮንኑ ዊካም ይዟት የጠፋው የዐሥራ ስድስት ዓመቷ ሊድያ፣ ይህ ሁሉ ከዚያ ጦርነት የመጣ ነው። ልዩነቱ ጦርነቱ የሚታየው ከጄኔራሎች ካርታ ላይ ሳይሆን ሴቶች ልጆች ካሉበት ቤት መስኮት መሆኑ ነው። ለታመመ ጠቅላይ ሚኒስትር ይህ ሳይታየው ቢቀር አይፈረድበትም።

ቢቢሲ በ1995 ታሪኩን በስድስት ክፍል ካሳየው ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ዳርሲን የሚያስታውሰው በልብሱ እንዳለ ከኩሬ ሲወጣ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። የሚያከራክረው ሰውም ተለውጧል። በ1814 የሚትፎርድ ጥያቄ ኤልዛቤት ጨዋ ናት ወይ የሚል ነበር፤ ዛሬ ወጣት አንባቢዎች የሚከራከሩት ሻርሎት ሉካስ ልክ ነበረች ወይ በሚለው ላይ ነው። ኤልዛቤት ስለ ወዳጇ ጋብቻ የሰጠችው ፍርድ ራሱ ጭፍን አልነበረምን?

ደራሲዋ በሕይወት ሳለች ከአንባቢዎቿ አንዷ ሆና የተገኘችበት አጋጣሚም አለ። በግንቦት ወር 1813 ወደ ለንደን ሄዳ የሥዕል ኤግዚቢሽን ስትጎበኝ የቤኔትን ልጆች ሥዕል ትፈልግ ጀመር። ታላቂቱን ጄንን፣ አሁን ወይዘሮ ቢንግሊን፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳና በአረንጓዴ ጌጥ ተሸልማ አገኘኋት ብላ ለካሳንድራ ጻፈች፤ አረንጓዴ ቀለም እንደምትወድ ድሮም ጠርጥራ ነበር። ወይዘሮ ዳርሲን ግን በዚያም ሆነ በኋላ ባየቻቸው ሌሎች ኤግዚቢሽኖች ፈልጋ አጣቻት። ዳርሲ የሚስቱን ሥዕል በሕዝብ ፊት እንዲሰቀል የሚፈቅድ ሰው አለመሆኑን ነው በምክንያትነት የሰጠችው።